የሻገተ መኖ በዐሣማ ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት
ለገበሬ፣ ለነጋዴና ለሹም የሚሆን ትምህርት

ከጥንት የመጣ ልማድ ነው፤ እህል ሲበጠርና ሲለቀም ምርቱ ለሰው ይቀመጣል፤ ግርዱ ለዶሮ፣ ለከብትና ለዐሣማ ይሰጣል። ይህ ልማድ ምንም ነገር በከንቱ እንዳይወድቅ ስለሚያደርግ የቁጠባ ሥራ ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን በግርዱ ውስጥ የተሰባበረና የቀጨጨ ፍሬ ብቻ ሳይሆን የሻገተም ፍሬ ያለበት እንደ ሆነ፣ ቁጠባው ወደ ጥፋት ይለወጣል። ከሻጋታ ዐይነቶች አንዳንዶቹ በዐይን የማይታይ፣ በምላስ የማይለይ ኀይለኛ መርዝ ይሠራሉ። ጥንቁቅ የቤት እመቤት ለልጆችዋ ስትል ለቅማ ያወጣችው ክፉ ፍሬ ሁሉ በአንድነት ተጠራቅሞ በእንስሳው ገንዳ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

አንባቢ፣ «ስለ ዐሣማ መማር ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እርግጥ ነው፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በሃይማኖቱ ሥርዓት ምክንያት የዐሣማ ሥጋ አይበላም። ሆኖም በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ የዐሣማ እርባታዎች አሉ። በጁባና በዙሪያዋም ባለው በማዕከላዊ ኢኳቶርያ ዐሣማ ማርባት የብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ነው። ከዚህም በላይ የዐሣማ ሆድ እንደ ሰው ሆድ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ስለ ሆነ፣ ዐሣማን የጎዳ የእህል መርዝ ሰውንም ሊጎዳ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ያው መኖ ለላም ሲሰጥ በወተት በኩል ወደ ገበታችን ይመለሳል። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ሁሉ ዐሣማ ላላቸው ብቻ የተጻፈ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጁባ እህል

ሀይ ጀላባ በጁባ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። «ሀይ» በዐረብኛ ሰፈር ማለት ሲሆን፣ «ጀላባ» ደግሞ ከሰሜን ሱዳን ለሚመጡ ነጋዴዎች የተሰጠ ስም ነው። እንግዲህ የሰፈሩ ስም ራሱ ንግድን ያስታውሳል። ዛሬ በጁባ ገበያ ከሚሸጠው በቆሎ፣ ማሽላና ዱቄት እጅግ ብዙው የሚመጣው ከኡጋንዳ ነው። መንገዱም ከጠረፍ ከተማዋ ከኒሙሌ እስከ ጁባ 192 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ አስፋልቱ ተሠርቶ ያለቀው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ኡጋንዳ በብዙ አውራጃዎችዋ በዓመት ሁለት ጊዜ ታመርታለች። ይህ በረከት ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መከር የሚሰበሰበው የሁለተኛው ዝናብ በሚቃረብበት ወራት ስለ ሆነ፣ እህሉ በደንብ ሳይደርቅ በጆንያ ይሞላል። ከዚያም በሸራ ተሸፍኖ በካሚዮን ይጫናል። ካሚዮኑ በጠረፍ ላይ ለቀናት ሲቆም፣ ቀን ከእህሉ የወጣው እንፋሎት ሌሊት በሸራው ሥር ቀዝቅዞ ውሃ ሆኖ በላይኞቹ ጆንያዎች ላይ ይንጠባጠባል። ጁባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ናት፤ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምትም ዝናብ አላት። ሙቀትና እርጥበት በአንድነት ሲገኙ ለሻጋታ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም።

ይህም ነገር በግምት የተነገረ አይደለም። በ2023 ዓ.ም. ከኡጋንዳ እህልና ዱቄት ጭነው የመጡ ብዙ ካሚዮኖች አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ተገኝቶባቸዋል በመባል በደቡብ ሱዳን የደረጃ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ በድንበሩ ላይ ታግደው ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎም በመጋቢት 2021 ዓ.ም. ኬንያ በዚሁ መርዝ ምክንያት የኡጋንዳና የታንዛንያ በቆሎ እንዳይገባ ከልክላ እንደ ነበር የሚታወስ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ሹምና እያንዳንዱ ዜጋ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ ለሰው ምግብ አይሆንም ተብሎ የተመለሰ እህል መጨረሻው የት ነው? የሚል ነው። እህሉ በትእዛዝና በምስክር ፊት ካልጠፋ ዋጋው ይወድቃል፤ ዋጋው የወደቀ እህል ደግሞ በመጀመሪያ የሚገዛው ለእንስሳት መኖ ነው።

መርዙ እንዴት እንደ ታወቀ

በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ የሚሆኑ የቱርክ ዶሮዎች አለቁ። በሽታው ምን እንደ ሆነ ስላልታወቀ የማይታወቅ የቱርክ ዶሮ በሽታ የሚል ስም ተሰጠው። ሊቃውንቱ የሚተላለፍ ተውሳክ ቢፈልጉ አላገኙም። በመጨረሻ ምክንያቱ ከብራዚል የመጣና በመኖው ውስጥ የተቀላቀለ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። በዚሁ ጊዜ ያንኑ ፋጉሎ የበሉ ዐሣማዎችም ጉበታቸው ተጎድቶ ተገኝቷል። ፋጉሎው አስፐርጊለስ ፍላቩስ የሚባል ሻጋታ ያደረበት ስለ ነበር፣ ከሻጋታው ስም ቆርጠው መርዙን አፍላቶክሲን አሉት። ዛሬ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህን መርዝ በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጡት ነገሮች ተራ መድቦታል።

ለጎረቤቶቻችን ደግሞ ከሁሉ የከበደው ትምህርት በ2004 ዓ.ም. በምሥራቅ ኬንያ የደረሰው ነው። እርጥብ ሆኖ በየቤቱ የተከማቸ በቆሎ ሻግቶ ሳለ ሕዝቡ ከችግር የተነሣ በላው፤ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞቱ።

በእኛም አገር የእህል መርዝ ታሪክ አለ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በወሎ፣ ኋላም በ2001 ዓ.ም. በአርሲ ኤርጎት የሚባለው የእህል በሽታ ሰውን ጎድቷል። ይህ በሽታ በሲናርና በመሰሉ እህሎች ዛላ ላይ በፍሬው ፈንታ የአይጥ ኩስ የመሰለ ጥቁር ቀንድ ያበቅላል። መርዙ የደም ሥርን ስለሚያጠብብ የበላው ሰው እጅና እግሩ ደም አጥቶ ይበሰብሳል።

ዐሣማን የሚጎዱት መርዞች

የሻጋታ መርዝ ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ ለዐሣማ አርቢ እነዚህን ስድስቱን ማወቅ ይበቃዋል።

1ኛ፤ አፍላቶክሲን። በቆላና በሙቅ አገር ይበዛል፤ ሻጋታው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት በጣም ይመቸዋል። በበቆሎ፣ በኦቾሎኒ፣ በጥጥ ፍሬና በኑግ ፋጉሎ ላይ ይገኛል። የሚያጠቃውም ጉበትን ነው። የተጎዳ ዐሣማ መብላት ይቀንሳል፤ ጠጉሩ ይቆማል፤ አያድግም፤ ሲብስበት የዐይኑ ነጭ ቢጫ ይሆናል፤ ከትንሽ ቁስልም ብዙ ደም ይፈስሰዋል። መርዙ ጥቂት በሆነ ጊዜ ምንም ምልክት ሳይታይ የሰውነቱን መከላከያ ያደክማል፤ በዚህ ምክንያት ክትባት የተሰጠው ዐሣማ ክትባቱ ሳይጠቅመው ይታመማል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ግልገሎች ናቸው።

2ኛ፤ የማስመለስ መርዝ። በሳይንስ ስሙ ዲኦክሲኒቫሌኖል የሚባለው ይህ መርዝ ፉዛርየም ከሚባል ሻጋታ የሚመጣ ሲሆን፣ በደጋና በወይና ደጋ፣ ስንዴና በቆሎ ሲያብብ ዝናብና ብርድ በተገናኙ ጊዜ ይፈጠራል። ብዙ ሰው ዐሣማ ያገኘውን ሁሉ ይበላል ይላል፤ ዳሩ ግን ለዚህ መርዝ ከቤት እንስሳት ሁሉ ዐሣማን የሚያህል ስሜቱ የተሳለ የለም። የሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራቸው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት መርዙን ይሰብሩታል፤ ዐሣማ ግን ይህ መከላከያ የለውም። ስለዚህ በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሲሆን መብላት ይቀንሳል፤ ብዙ ሲሆን ፈጽሞ ይተዋል፤ ያስመልሰዋልም። ጤነኛ ዐሣማ ከገንዳው ፊቱን ሲያዞር ባለቤቱ በትር ሳያነሣ መኖውን ይመርምር።

3ኛ፤ ዜራሌኖን። ይህም ከፉዛርየም ይመጣል። የሴትን የተፈጥሮ ቅመም ስለሚመስል የዐሣማን የመዋለድ ሥራ ያናጋል። ገና ያልወለደች ወጣት ዐሣማ ኮርማ ሳይደርስባት ብልትዋ ያብጣል፤ ጡትዋ ይከብዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ማሕፀንዋ ወይም ፊንጢጣዋ ወደ ውጭ ይገለበጣል። እናቲቱ ያረገዘች መስላ ባዶ ትሆናለች፤ ወይም ጥቂትና ደካማ ግልገሎች ትወልዳለች። ባለቤቱ ኮርማውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የመኖው ነው።

4ኛ፤ ፉሞኒሲን። በበቆሎ ላይ በብዛት ይገኛል፤ ሊቃውንት በደቡብ አፍሪካ ለይተው ያወቁት በ1988 ዓ.ም. ነው። መርዙ በዛ ያለ እንደ ሆነ በዐሣማ ሳንባ ውስጥና በሳንባው ዙሪያ ውሃ ይሞላል፤ እንስሳው ትንፋሽ አጥሮት፣ ቆዳው ጠቁሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። በአሜሪካ በ1989 ዓ.ም. ከተመረተው በቆሎ የበሉ ዐሣማዎች በዚህ ሁኔታ ሞተዋል። በፈረስና በአህያ ደግሞ አንጎልን ያበሰብሳል፤ ስለዚህ በዐሣማ ላይ የተፈራ በቆሎ ለጋማ ከብት አይሰጥ።

5ኛ፤ ኦክራቶክሲን። የሚያጠቃው ኩላሊትን ነው። ዐሣማው ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ብዙ ይሸናል፤ አያድግም። በዴንማርክ ይህ የዐሣማ የኩላሊት በሽታ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በዚያ አገር በቄራ የሚሠሩ መርማሪዎች የታረደውን ዐሣማ ኩላሊት እያዩ የመኖውን ጥፋት ማወቅ ችለዋል።

6ኛ፤ ኤርጎት። ከላይ የተነገረው የወሎና የአርሲ መርዝ ነው። በወለደች ዐሣማ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ወተትዋን በማድረቁ ነው። ግልገሎቹ ጤነኛ ሆነው ተወልደው፣ በእናታቸው ሥር ተኝተው በረኃብ ያልቃሉ።

ጥቂት መርዝ ብዙ እህልን እንደሚያበላሽ

የመርዙ ልክ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ብዙ ሰው ለማመን ይቸግረዋል። የአሜሪካ መንግሥት ለግልገሎች የሚሰጥ መኖ በኪሎ ከ20 ማይክሮግራም በላይ አፍላቶክሲን እንዳይኖረው ወስኗል። ለሚዋለዱ ዐሣማዎች 100፣ ከ45 ኪሎ በላይ ሆነው ለሚደልቡ ደግሞ 200 ነው። ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረ ሰብ፣ ደቡብ ሱዳን በ2016 ዓ.ም. አባል የሆነችበት ማለት ነው፣ ለሰው ምግብ በሚሆን በቆሎ ላይ የወሰነው ልክ ከዚህም ያነሰ፣ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው።

አሁን እንቍጠር። በኪሎ 20 ማይክሮግራም ሲባል በአንድ ኩንታል ውስጥ 2 ሚሊግራም ብቻ ማለት ነው። ሊቃውንት እጅግ በተበከለ አንድ የበቆሎ ፍሬ ውስጥ በኪሎ ሲሰላ እስከ 400,000 ማይክሮግራም የሚደርስ መርዝ አግኝተዋል። አንዱ ፍሬ 0.3 ግራም ይመዝናል ብንል፣ በውስጡ ያለው መርዝ 120 ማይክሮግራም ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ኩንታል ውስጥ ካሉት ከ330,000 የሚበልጡ ፍሬዎች መካከል እንዲህ ያሉ 17 ፍሬዎች ብቻ ቢገኙ፣ ኩንታሉ በሙሉ ለግልገል የማይሆን ይሆናል።

ከዚህ ሦስት ትምህርት እናገኛለን። መጀመሪያ፣ ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ «ንጹሕ ነው» ማለት አይቻልም፤ ናሙና ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመካከልም ከታችም መወሰድ አለበት። ሁለተኛ፣ ክፉውን ፍሬ በእጅ መልቀም ታላቅ ጥቅም አለው፤ መርዙ በጥቂት ፍሬ ላይ ተጠራቅሞ ይገኛልና። ሦስተኛ፣ የተበከለን እህል ከንጹሕ እህል ጋር መቀላቀል መርዙን አያጠፋውም፤ አንድን ክፉ ኩንታል ወደ ብዙ አጠራጣሪ ኩንታል ይለውጠዋል እንጂ።

እንዲሁም ሦስት የተለመዱ ስሕተቶችን ማረም ያስፈልጋል። «በፀሐይ ሰጥቼ ሻጋታውን አራግፌዋለሁ» የሚል አለ፤ ሻጋታው ቢራገፍም መርዙ በፍሬው ውስጥ ይቀራል። «እቀቅለዋለሁ» የሚል አለ፤ የወጥ ቤት ሙቀት አፍላቶክሲንን አያጠፋውም። «ሻጋታ ስላላየሁበት ንጹሕ ነው» የሚልም አለ፤ መርዝ ያለበት እህል መልኩ ያማረ ሊሆን ይችላል።

የአዲስ አበባ ወተት ምስክርነት

የመኖ መርዝ ከእንስሳው አልፎ ወደ ሰው እንደሚመጣ ከሁሉ ይልቅ በግልጥ ያሳየን የአዲስ አበባ ወተት ነው። በ2016 ዓ.ም. ታትሞ በወጣ ጥናት፣ ከአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካሉ የወተት አካባቢዎች 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙናዎች ተመርምረው ነበር። መርዙ በወተቱ ናሙናዎች ሁሉ ተገኘ። በአውሮጳ ኅብረት ከተወሰነው ከ0.05 ማይክሮግራም በሊትር ያልበለጡት 9 ናሙናዎች ብቻ ነበሩ፤ 29 የሚሆኑት በአሜሪካ ከተወሰነው ከ0.5 እንኳ በልጠው ተገኙ። በመኖው ላይ ደግሞ ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም በኪሎ ተለካ፤ የኑግ ፋጉሎ ብቻውን ከ290 እስከ 397 ነበረው። የወተቱ መርዝ ምንጭ በዋናነት ይኸው የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ።

የኑግ ፋጉሎ ክፉ መኖ አይደለም፤ ብዙ ፕሮቲን ያለው ርካሽ ምግብ ነው። የሚጎዳው ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ ሳይደርቅ፣ በእርጥብ ወለል ላይ ለወራት ሲከመር ነው። ላሚቱ የበላችው መርዝ ከመቶ ከአንድ እስከ ስድስት እጅ ያህሉ ተለውጦ በወተትዋ ይወጣል። ደስ የሚያሰኘው ነገር ግን መኖው በንጹሕ ሲለወጥ ወተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጥራቱ ነው። በዐሣማም ቢሆን ከሥጋው ይልቅ ጉበቱና ኩላሊቱ መርዙን ይይዛሉ፤ ስለዚህ የተጠረጠረ መኖ ሲበላ የቆየ ዐሣማ ንጹሕ መኖ ሳይበላ ቶሎ አይታረድ፤ ጉበቱና ኩላሊቱም ለልጆች አይሰጥ።

ከሌላ በሽታ መለየት

ዐሣማ በድንገት ሲሞት ሁሉን በሻጋታ ማመካኘት አይገባም። የአፍሪካ የዐሣማ ወረርሽኝ የሚባለው ትኩሳት በጁባ አካባቢ የታወቀ ነው፤ በኢትዮጵያም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መታየቱ በጥናት ተረጋግጧል። ወረርሽኙ ብርቱ ትኩሳት አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ትልቁንም ትንሹንም ይገድላል። የሻጋታ መርዝ ግን ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለውም፤ ከእንስሳ ወደ እንስሳ አይተላለፍም፤ ያንኑ መኖ በበሉት ሁሉ ላይ በአንድ ሰሞን ይታያል፤ መድኃኒት ቢወጋም አይድንም፤ መኖው ሲለወጥ ግን ይሻላል። አርቢው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፦ አዲስ ጆንያ የከፈትሁት መቼ ነው? በሽታውስ የጀመረው መቼ ነው? ከተጠራጠረ ለእንስሳት ሐኪም ያስታውቅ፤ ትኩሳት ያየ እንደ ሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ያስታውቅ።

ምን ይደረግ?

ለገበሬው። ለሻጋታ መርዝ ፍቱን ማርከሻ የለም፤ መድኃኒቱ መከላከል ነው። በቆሎና ማሽላ በአውድማ አፈር ላይ አይሰጣ፤ በሸራ ወይም በሰሌን ላይ ሳስቶ ይሰጣ፤ በየጊዜውም ይገላበጥ። ኦቾሎኒ ከመሬት እንደ ተነቀለ ይድረቅ። ነቀዝ የበሳውና በመውቂያ የተሰበረ ፍሬ የሻጋታ በር ነውና ተለቅሞ ይውጣ። እህሉ ወደ ጎተራ ሲገባ እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ እንዳይበልጥ ያስፈልጋል። መለኪያ መሣሪያ የሌለው በጨው ሊሞክር ይችላል፤ ይኸውም ደረቅ ጠርሙስ ከሲሶው እህል ሞልቶ፣ በእሳት የደረቀ ጨው ጨምሮ፣ ክዳኑን ዘግቶ ደኅና አድርጎ መነቅነቅና ለሩብ ሰዓት ማሳረፍ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ እርጥበቱ ከ15 እጅ በላይ ነውና እንደ ገና ይሰጣ። በሐረርጌ እንደሚደረገው ማሽላን በጉድጓድ የሚያኖር ሰው የጉድጓዱ ግድግዳ እርጥበት እንዳያስተላልፍ ይጠንቀቅ፤ ከዳርና ከአፉ የሚወጣውንም የሻገተ ማሽላ ለእንስሳ አይስጥ። ጆንያ በእንጨት ቆጥ ላይ እንጂ በወለል ላይ አይቀመጥ፤ ከግድግዳም ይራቅ።

ለመኖ አቀናባሪው። ቤንቶናይት የሚባለው ንጹሕ የሸክላ ዱቄት በኩንታል መኖ 500 ግራም ያህል ሲቀላቀል አፍላቶክሲንን በአንጀት ውስጥ ይዞ ያስወጣል። ሆኖም የማስመለስን መርዝና ዜራሌኖንን በሚገባ አይዝም፤ የተበከለ መኖ ለመሸጥም ፈቃድ አይሰጥም። ከወንዝ ዳር የተዛቀ ጭቃ በዚህ ፈንታ አይግባ።

ለባለ ምግብ ቤቱና ለጠማቂው። በጁባም ሆነ በአዲስ አበባ ብዙ ዐሣማ የሚያድገው ከሆቴልና ከምግብ ቤት በሚወጣ ትራፊ፣ በአተላና በፉርሽካ ነው። የሻገተ ዳቦና እንጀራ ከትራፊው ተለይቶ ይጣል። አተላ በሙቅ አገር ቶሎ ስለሚበላሽ በዕለቱ ይሰጥ፤ በርሜሉም በየቀኑ ይታጠብ። ከተበከለ እህል የተገኘ የአረቄ አተላ መርዙ ይበዛበታል እንጂ አያንስበትም፤ ስታርቹ ወደ አልኮል ሲለወጥ መርዙ ከዝቃጩ ጋር ይቀራልና፣ በደረቁ ሲመዘን ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። የዐሣማ ሥጋ ያለበት ትራፊም ወረርሽኝ እንዳያስተላልፍ ሳይፈላ አይሰጥ።

በሽታ ከታየ። የተጠረጠረው መኖ ወዲያው ይቁም፤ ከገንዳውና ከማከማቻው ተጠርጎ ይውጣ። ለእንስሳው ንጹሕ እህል፣ ደኅና ፕሮቲንና ብዙ ውሃ ይሰጥ። ከመኖው ከልዩ ልዩ ቦታ የተወሰደ አንድ ሁለት ኪሎ ያህል ናሙና በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት ተደርጎ በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ላስቲክ እርጥበት ስለሚይዝ በመንገድ ላይ ሻጋታው እንደ ገና ያድግበታል።

ለሹማምንት። መርዙን በየጆንያው ፈልጎ ማግኘት ለገበሬው ከዐቅሙ በላይ ነው፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው። በኒሙሌና በመሰሉት በሮች ምርመራው ፈጣን ሊሆን ይገባል፤ ካሚዮን ለሳምንት በፀሐይና በዝናብ ቢቆም ንጹሑም እህል እዚያው ይሻግታልና። በልኩ ሳይገኝ የቀረ እህል ወዴት እንደ ሄደ በመዝገብ ይጻፍ፤ በልኩ ለሚደልብ ከብት የሚሆነው ለዚያ ብቻ ይለይ፤ ከልክ ያለፈው ይቃጠል። የኑግና የኦቾሎኒ ፋጉሎ የሚያወጡ የዘይት መጭመቂያዎች የፋጉሎ ማድረቂያና ደረቅ መጋዘን እንዲኖራቸው ይታዘዝ። በቄራ የሚሠሩ መርማሪዎችም ጉበትና ኩላሊት ሲያዩ የተበላሸውን ጥለው ብቻ አይለፉ፤ ዐሣማው ከየትኛው እርባታ እንደ መጣ ለግብርና መሥሪያ ቤት ያስታውቁ። አንድ የተበላሸ ጉበት የአንድን ጎተራ ሁኔታ ይናገራልና።

ዐሣማ ለማርባት ከሚወጣው ወጪ ከመቶ 60 እስከ 70 እጅ የሚሆነው የመኖ ዋጋ ነው። ስለዚህ ርካሽ ጆንያ ያየ ሰው ቢጓጓ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በርካሽ የተገዛው የሻገተ በቆሎ ግልገሎቹን ያቀጭጫል፤ እናቲቱን ያመክናል፤ ክትባቱን ከንቱ ያደርጋል፤ በመጨረሻም በወተትና በጉበት በኩል ወደ ሻጩና ወደ ገዢው ልጆች ገበታ ይመለሳል። እህልን ለሰውና ለእንስሳ በሁለት ሚዛን መመዘን የሚቻለው በዋጋ ነው፤ በመርዝ ግን አይቻልም። ለሰው አይሆንም ተብሎ በሻጋታ ምክንያት የተጣለ እህል፣ ማንም ሳይመረምረው ለእንስሳም አይሰጥ።